የወጣው ከየት ነው?

ጥያቄው የእኛ አልነበረም። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ወዳጃችን ከፈተና ወጥቶ እራት ላይ ያመጣው ነው። «ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ቢወሰድበት፥ አቶሞቹን አንድ ላይ የያዘው ማሰሪያ ይጠነክራል ወይስ ይላላል?» አለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች በአንድ አፍ «ይላላል እንጂ!» ብለን መለስን። ማሰሪያ የሚሠራው ከኤሌክትሮን መሆኑን ከአሥረኛ ክፍል እናስታውስ ስለ ነበር፥ ከገመድ ላይ አንድ ፈትል ቢመዘዝ ገመዱ ይሳሳል ብለን ፈረድን። ወዳጃችን ሳቅ ብሎ «የወጣው ከየት ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዴት ትፈርዳላችሁ?» አለ። ያን ማታ ያናደደን መሳሳታችን አይደለም። ሦስት ዓመት በዩኒቨርስቲ ስንኖር ይህን የመሰለ ጥያቄ ማንም አንሥቶብን ባለማወቁ ነው።

ይህን ስንጽፍ ኬሚስትሪ ለማስተማር አስበን አይደለም፤ ዐቅማችንም አይፈቅድም። ነገር ግን ከዚያ እራት በኋላ አዳማ ሄደን የሰማነው ጉዳይ ጥያቄውን ከፈተና ወረቀት አንሥቶ በአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ስላስቀመጠው፥ ዝም ማለት አልሆነልንም። አንባቢያችን እስከዚያ ድረስ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

እንደሚታወቀው የአቶም አስኳል ፖዘቲቭ ሙል አለው፤ ሁለት አስኳሎች ብቻቸውን ቢቀራረቡ ይገፋፋሉ። የሚያስታርቃቸው ኔጌቲቭ ሙል ያለው ኤሌክትሮን ነው። አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ እ. ኤ. አ. በ1916 ማሰሪያ ማለት ሁለት አቶሞች በጋራ የያዙት ጥንድ ኤሌክትሮን ነው ብሎ ጻፈ። እኛም በአሥረኛ ክፍል የደረስነው እስከዚህ ነው፤ እዚያው ላይ ቆመን ቀረን። ዳሩ ግን ከሉዊስ በኋላ፥ በ1920ዎቹ መጨረሻ፥ ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ሁንድና አሜሪካዊው ሮበርት ሙሊከን ሌላ ሐሳብ አመጡ። ኤሌክትሮኖቹ የዚህ ወይም የዚያ አቶም ሳይሆኑ የመላው ሞለኪውል ናቸው፤ የሚኖሩትም ኦርቢታል በሚባሉ፥ ደረጃ በደረጃ በተሠሩ ማደሪያዎች ውስጥ ነው፤ በአንዱ ማደሪያ ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይገባም አሉ። ሙሊከን ለዚህ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ዋናው ነገር የማደሪያዎቹ ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ያደረ ኤሌክትሮን አብዛኛውን ጊዜውን በሁለቱ አስኳሎች መካከል ስለሚያሳልፍ ሁለቱንም ወደ ራሱ ይስባል፤ ማሰሪያውን ያጠብቃል። በሁለተኛው ዓይነት ያደረው ግን መካከሉን ባዶ ትቶ በውጭ በኩል ስለሚሆን፥ አስኳሎቹ ያለ ጋራጅ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ማሰሪያው ይላላል። የማሰሪያው ጥንካሬ እንግዲህ የሁለቱ ወገን ሒሳብ ተቀናንሶ የሚቀረው ነው። ሥዕሉን በዚህ የብዜት ገጽ ላይ ማስፈር ስላልተቻለ በቃል ብቻ መግለጻችንን አንባቢ ይቅር ይበለን።

ሥዕሉ ቢቀር ቁጥሩ አለ። ከምንተነፍሰው አየር አምስት እጅ አራቱን ገደማ የሚይዘው ናይትሮጅን ሁለት አቶም ነው፤ እነርሱን ለመለያየት በሞል 945 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ኤሌክትሮን ሲወሰድበት ይህ ወደ 840 ይወርዳል፤ የወጣው ካጠባቂው ማደሪያ ነውና። ኦክስጅን ግን የላይኞቹ ሁለት ኤሌክትሮኖቹ የሚያድሩት በአላሊው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ አንዱ ሲወጣ 498 የነበረው ጉልበት ወደ 643 ይወጣል፤ በአቶሞቹ መካከል የነበረው ርቀትም ከ121 ፒኮ ሜትር ወደ 112 ያጥራል። የጎደለው ጠነከረ! የፍሎሪን ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ158 ተነሥቶ ወደ እጥፉ ይደርሳል። ሃይድሮጅን ያለው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም አጥባቂው ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሲሄድ 436 የነበረው ወደ 255 ይወርዳል። ነገር ግን ልብ በሉ፥ ከግማሽ በላይ ይቀራል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን ሁለት አስኳል ይይዛል ማለት ነው፤ ይህ የሉዊስን «ጥንድ» ብቻ ለተማረ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ወዳጃችን ሒሳቡን ኦርቢታል ሳይጠራ የሚሠራበት ዘዴ ስላሳየን እርሱንም እናካፍል። ከኦክስጅን ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት 12.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል፤ ከብቸኛ የኦክስጅን አቶም ለማውጣት ግን 13.6። ሞለኪውሉ ከአቶሙ ይልቅ በርካሽ ለቀቀው ማለት ነው፤ በልዩነቱ ልክ ማሰሪያው ይጠነክራል። በናይትሮጅን ግን ተቃራኒው ነው፤ ሞለኪውሉ 15.6፥ አቶሙ 14.5። አጥብቆ የያዘውን በግድ ስለ ተቀማ ይጎዳል። በዚህ ሒሳብ ላይ መርካቶ ያደገ አንድ ጓደኛችን «ታዲያ ይኼ የገበያ ነገር ነው፤ ሰው በርካሽ የሚሸጠው የማይፈልገውን ነው» ብሎ ከሁላችንም በፊት ገባው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ ሁሉ ሸርተት የሚልበት ቦታ አያጣም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ፥ በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት በጥቂቱ ያጥራል። ጠነከረ እንዳንል፥ አቶሞቹን ለመለያየት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ1072 ወደ 805 ገደማ ይወርዳል። ምክንያቱም ካርቦን ብቻውን ሲሆን ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ስለሚለቅ፥ መለያየቱ አይከብደውም። እንግዲህ «ጥንካሬ» ስንል ምኑን ነው የምንለካው? መቀራረቡን ነው ወይስ ለመለያየት የሚከፈለውን ዋጋ? ይህ የቃል ጥያቄ ነው፤ የቃል ጥያቄ ደግሞ የእኛ ፋኩልቲ ሥራ ነው ብለን አጥብቀን እናምናለን።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ምስክር እንጥራ። ኒል ባርትሌት የተባለ ኬሚስት ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ሲሠራ፥ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ ጨው ሲሠራ አገኘው። ከዚያ በኋላ ዜኖን የተባለውን፥ ከማንም ጋር አይዋሐድም ተብሎ የሚታወቀውን ጋዝ አሰበ፤ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ የሚጠይቀው ዋጋ ከኦክስጅኑ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ ነበር የቀረው። በ1962 ሞከረው፤ ተዋሐደ። «ሰነፍ» እየተባሉ በመማሪያ መጽሐፍ የታሰሩ ጋዞች በዚያ ዓመት ተፈቱ። ሁለተኛው ምስክር ከራሳችን ሰማይ በላይ ነው። ከመቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ጀምሮ የፀሐይ ብርሃን ከሞለኪውሎች ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ የሚፈጥረው ሽፋን አለ፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከሩቅ አገር የሚደርሰን ሞገዱ ከዚህና ከእርሱ በላይ ካሉት መሰል ሽፋኖች እየተመለሰ ነው። በታችኛው ክፍል በብዛት የሚገኙት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅንና ኤሌክትሮን ያጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ናቸው። የኋለኛው ማሰሪያ ከ631 ወደ 1047 ገደማ የሚዘል ነው። አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ይህን ሰማይ ለማጥናት ምቹ ስለ ነበረች፥ በ1957 እና 58 እ. ኤ. አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰበብ የያኔው ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁሞ ነበር። ተቋሙ ስሙ ቢለወጥም ዛሬም ከእኛው ጊቢ አለ፤ በ2017 ዓ. ም. የፈንታሌና የመተሐራ አካባቢ ምድር በተናወጠ ጊዜ ሁላችንም መግለጫውን ስንጠብቅ የነበረው ከእርሱ ነው። ስንቶቻችን የአርትስ ተማሪዎች በሩን ረግጠን እናውቃለን?

አሁን ወደ አዳማ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2006 ዓ. ም. በተመረቀው የፍጥነት መንገድ ከሄዱ ደግሞ ወሬ ሳይጨርሱ ይደርሳሉ። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ. ም. መጀመሪያ ሲመረቅ ዋናው ሥራው ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት እንዲሆን የታሰበ ነው። እኛ የደረስነው የፈረቃ መውጫ ሰዓት ላይ ነበር። ከበሩ የሚወጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የእኛው ዕድሜ ነው። ይህን ስናይ መጀመሪያ የተሰማን እፍረት ነው፤ እኛ በመንግሥት ወጪ ተኝተን ስናነብ፥ እኩዮቻችን ስምንት ሰዓት ቆመው ውለው አቧራ እያራገፉ ይወጣሉ። ስለ ፓርኮች ብዙ ተጽፏል። አሜሪካ እ. ኤ. አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል ስታወጣ ሥራ ስላጡት፥ ስለ ደመወዙ ማነስ፥ ስለ ቤት ኪራይ። ያንን አንደግምም። እኛ የምንናገረው ስለ ባልዲ ነው።

ከመካከላችን የአንዱ የአክስት ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ቡና ተፈላልን። ከጓደኞቿ አንዷ ከአርሲ በኩል የመጣች፥ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፥ ቁምነገረኛ ልጅ ናት። አሁን እዚሁ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ከዚያ በፊት ግን በሌላ ከተማ፥ ስሙን በማንጠራው የጨርቅ ፋብሪካ፥ በማንጫው ክፍል ነበረች። የኬሚስትሪ ተማሪ አብሮን መኖሩን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ወንድሜ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝገት ጨርቅ ይበላል እንዴ?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬው የጥጥ ጨርቅ ቡናማ ቀለሙ የሚለቀው በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ በፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ራሱ ነው፥ ግን እጅግ የበረታ፥ ሶዳ ተጨምሮበት ሊፈላ እስኪደርስ የሚሞቅ። አንድ ቀን የማቅጃው የፕላስቲክ ባልዲ ተሰነጠቀ። የፈረቃው ኃላፊ ከጓሮ የብረት ባልዲ አምጥቶ «በዚህ ቶሎ በይ» አላት። ባልዲው የዛገ ነበር። በማግሥቱ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ዳሩ ግን ብል የገባበት ይመስል ትንንሽ ቀዳዳ ሞላበት፤ ሲጎትቱትም እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ። ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት፤ ተገኘች። የአሥር ቀን ደመወዟ ተቆረጠ። በግድግዳው ላይ መመሪያ ተለጥፎ ነበር ይባላል፤ በእንግሊዝኛና በሌላ ባዕድ ፊደል። «ማንበብ አልችልም አላልኩም፤ በሚገባኝ ቋንቋ ስላልተጻፈ ነው» አለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለን ነበር።

ወዳጃችን «አዎን እህቴ፥ ይበላል» አላት። ከዚያ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ችግሩም ከዚህ ጀመረ። የፐርኦክሳይድን ነገር በእኛ ቃል እንዲህ ነው የተረዳነው። የተራው ኦክስጅን ማሰሪያ 498 እንደ ሆነ ተናግረናል። በፐርኦክሳይድ ውስጥ ግን ሁለቱ የኦክስጅን አቶሞች በመካከላቸው ሁለት ትርፍ ኤሌክትሮን ተጨምሮባቸዋል፤ እነርሱም የገቡት አላሊው ማደሪያ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ወደ 210 ገደማ ወርዷል። ሥራውን የሚሠራውም በዚህ ድክመቱ ነው፤ ጨርቅ የሚያነጣው ይህ የላላ ማሰሪያ በቀላሉ ስለሚፈታና ቀለሙን ስለሚያጠቃ ነው። በደህናው ገንዳ ውስጥ ፍቺው ቀስ ብሎ፥ በሥርዓት ይካሄዳል፤ ሲሊኬት የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ብረት ሲገባ ግን ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ሌላ ማደሪያ የለምና ያም ኤሌክትሮን ወደ ቀረው አላሊ ማደሪያ ይገባል፤ ማሰሪያው ያን ጊዜ ይበጠሳል። ከብጣሹ የሚወጣው ቁራጭ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነው፤ የጥጡን ረጅም ሰንሰለት እዚያው ላይ ይቆርጠዋል። ብረቱ ደግሞ ኤሌክትሮኑን መልሶ እየተቀበለ እንደ ገና ይሰጣል፤ አንድ የዝገት ፍንጣቂ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሄንሪ ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ ብረትና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ የሚያሳዩትን ኃይለኛ ጠባይ በ1894 እ. ኤ. አ. ጽፎታል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው።

እንግዲህ ያን ማታ እራት ላይ የሳቅንበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ኤሌክትሮን ከማን ወጣ፥ ከየት ወጣ፥ የት ገባ? በዚያ ፋብሪካ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖርና ለሌላው ቢናገር ኖሮ የልጅቷ ገንዘብ አይቆረጥም፥ ጨርቁም አይጠፋም ነበር። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ የተባለውን ጨው በጥቂት አሲድ አሟሙቶ በተጠረጠረው ጨርቅ ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ዝገት ካለ ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል። ሰማያዊውን ነጥብ ይዛ ኃላፊዋ ፊት መቆም የምትችል ሠራተኛና ባዶ እጇን የቆመች ሠራተኛ አንድ አይደሉም።

ወዳጃችን ሲያስረዳት እኛ ምን አደረግን? ተርጓሚ እንሁን ብለን ነበር። ቋንቋ የምናጠና ሰዎች አይደለንምን? ነገር ግን «አንታይ ቦንዲንግ» የሚለው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። አንዱ «ፀረ ማሰሪያ» አለ፤ ሌላው «አፍራሽ» አለ። ሁለቱም ቃላት በዚህ አገር ምን ያህል ሰው እንዳስበሉ፥ በቀይ ሽብር ዘመን «ፀረ» እና «አፍራሽ» ከተባለ ሰው ቤት ምን እንደ ተደረገ ወላጆቻችን ስለ ነገሩን አልተቀበልናቸውም። ከላይ «አጥባቂ» እና «አላሊ» እያልን የመጣነው በኋላ በመመለሻው አውቶቡስ ላይ የተስማማንበትን ነው። በሰዋስው ትምህርት ፊደል ይጠብቃል፥ ይላላል እንል የለምን? «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፥ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ማጥበቁ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ማደሪያው ነው። «አጥባቂ» ሲባል ወግ አጥባቂ ትዝ ይላል የሚል ወቀሳ ደርሶናል፤ እርሱን እንችለዋለን።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን አሉ። «ሳይንስ ዓለም አቀፍ ነው፤ ቃሉን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ማድረግ ተማሪውን ከዓለም መለየት ነው» ይሉናል። እኛ ኤሌክትሮንን ኤሌክትሮን፥ ኦርቢታልን ኦርቢታል እንበል እንጂ አዲስ ስም እናውጣ አላልንም፤ ከጥንት ጀምሮ ፋብሪካን ፋብሪካ ብለን ተግባብተናል። የምንለው ግን ስም ብቻ ተውሶ ግሡን ያልያዘ ሰው ነገሩን አላወቀም ነው። ይጠብቃል፥ ይላላል፥ ይሰጣል፥ ይነጥቃል፤ እነዚህ የእኛ ካልሆኑ ዕውቀቱ በአፋችን እንጂ በእጃችን አይገባም። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማረች ልጅ በዘጠነኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ይጠብቃታል፤ እርሷ ከዚያ በፊት ፋብሪካ ከገባች ግን ድልድዩ ከሁለቱም በኩል ተሰብሯል። የአርትስ ተማሪውም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስለማይገልጥ ድልድዩን የሚጠግን አይደለም። የሳይንሱ ተማሪ ዕውቀቱ አለው፤ ነገር ግን እህቱን ሊያስረዳት ሲል ምላሱ ይታሰራል። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ነን፤ ቡና ላይ የታየውም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ባልዲም አይደለም። የአርሲ ገበሬ ስንዴው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚገኘው የናይትሮጅንን 945 በማሸነፍ ነው፤ ያም የሚሆነው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፥ ብረት ኤሌክትሮኑን ወደ ናይትሮጅኑ አላሊ ማደሪያ እየገፋ ማሰሪያውን ሲያላላው ነው። በጨርቁ ገንዳ ጠላት የነበረው ብረት በማዳበሪያው ፋብሪካ ዋናው ሠራተኛ ነው! በነሐሴ 2017 ዓ. ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ሲፈራረም፥ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር የሚለው ቁጥር በየአፉ ነበር፤ ስለ ናይትሮጅን ግን አንድ ሰው እንኳ ሲያወራ አልሰማንም። ከወደ ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ሌላ አለ። በወንጂ አካባቢ ከከርሰ ምድር ውሃ የተነሣ የስንቱ ሰው ጥርስ ቡናማ ሆነ፥ የስንቱስ አጥንት ደረቀ? ያ ፍሎራይድ ኤሌክትሮን የተቀበለ ፍሎሪን ነው። ጋዙ ፍሎሪን በ158 ደካማ ማሰሪያው ከነገር ሁሉ ጋር ሲዋጋ ኖሮ ኤሌክትሮን ያገኘ ዕለት ይረጋል፤ ከረጋ በኋላ ደግሞ ከውሃ ውስጥ ማውጣቱ ነው የሚያስቸግረው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ ላይ እንተወዋለን።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ይህን ጽሑፍ በረቂቅነቱ ያነበበ አንድ የማኅበራችን አባል በጣም ተደስቶ «እንግዲያው እድርም እንዲሁ ነው፤ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ አላሊው ሲባረር የቀረው ይጠነክራል» አለን። ይህን ከእኛ ጽሑፍ ማንም እንዳያወጣ አጥብቀን እንለምናለን። በመጀመሪያ ነገር ኤሌክትሮን ሁሉ አንድ ነው፤ አጥባቂ ኤሌክትሮንና አላሊ ኤሌክትሮን የሚባል የለም፤ ያለው ማደሪያው ነው። በዛገ ባልዲ እንድትቀዳ የታዘዘች ሴት በዚያ ቦታ ስለ ተገኘች ጥፋተኛ ሆነች፤ ባልዲውን ያመጣው ግን በቦታው አልነበረም ተባለ። ሰውን ከቦታው ሳይለዩ መፍረድ ማለት ይኸው ነው። ሁለተኛም ከሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲወጣ የቀረው ጠነከረ እንጂ ሰላም አገኘ አላልንም፤ ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ብርቱ ነጣቂ ነው፤ የጎደለውን ካገኘበት ይወስዳል። ኬሚስትሪን ለፖለቲካ ምሳሌ የሚመዝ ሰው ቢያንስ እስከ መጨረሻው ይምዘዘው።

ወደ ሥራው እንመለስ። የተማሪዎች ማኅበራችን በየዓመቱ ለእግር ኳስና ለሽኝት በዓል ኮሚቴ ያቋቁማል፤ መልካም ነው። ከአርትስና ከሳይንስ ፋኩልቲዎች እኩል የተውጣጣ አንድ ትንሽ ኮሚቴ ደግሞ ለፋብሪካ ሠራተኞች በኦሮምኛና በአማርኛ ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ ምን ይጎድልበታል? የመጀመሪያው ስለ ማንጫው ገንዳ ይሁን፤ የዛገ ነገር ለምን እንደማይገባበት፥ የሰማያዊው ነጥብ ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ፥ እጅና ዓይን እንዴት እንደሚጠበቅ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በዘመኑ የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ ለማውጣት የደከመበት ሥራ በቤተ መጻሕፍታችን አለ፤ ከዚያ መነሣት ይቻላል። በኦሮምኛ በኩል ግን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ያስፈልጉናል።

ለዚህም የመጀመሪያውን ሐሳብ የሰጠችን ያችው ልጅ ናት። ልንነሣ ስንል ቃል አጥተን እንደ ተቸገርን አይታ ኖሮ «በእኛ ቋንቋ ‘ጀቤሱ’ እና ‘ላፊሱ’ በሉት፤ አንዱ ማጠንከር ነው፥ አንዱ ማድከም ነው፤ ይኼ ምን ያስቸግራል?» አለችን። ትክክል ነው ወይስ ሌላ የተሻለ ቃል አለ? የምታውቁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ባለው ሣጥን ጽፋችሁ አስገቡልን፤ የማንጫው ጽሑፍ ረቂቅ ተጀምሯል፥ ሁለቱ ቃላት ያሉበት ቦታ ለጊዜው ባዶ ተትቷል።